እንዴት ይሠራል? ቅኔ የሚቆጥር አእምሮና የሌለ ድምፅ

እስቲ ከመቀጠላችን በፊት አንድ ነገር እንሞክር። ወረቀትም ስልክም አያስፈልግም። አጠገብዎ ያለ ሰው አራት ቁጥሮችን ቀስ ብሎ ይጥራልዎ፦ 4፣ 9፣ 2፣ 7። አሁን ከኋላ ወደ ፊት ይድገሟቸው፦ 7፣ 2፣ 9፣ 4። ይህ ቀላል ነው። ቁጥሮቹን ስድስት አድርገው እንደገና ይሞክሩት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ዐይኑን ጣሪያው ላይ ይተክላል፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ መሐል ላይ አንዱ ቁጥር ያመልጠዋል።

ከንፈር እየተንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ሳይወጣ በውስጥ የሚደጋገመው ነገር የዛሬው ጉዳያችን ነው። ይህን የሚሠራውን ትውስታ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ወርኪንግ ሜሞሪ ይሉታል፤ የሥራ ትውስታ እንበለው። አንዳንድ ወጣት ማንም ሳይጠራው ስሙን የሰማ የሚመስለው፣ ባዶ ቤት ውስጥ ሰው ሲያወራ የሚሰማው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ከዚህ መጀመር ይቀላል።

ጎተራና ሰፌድ

የምናውቀው ነገር ሁሉ በአንድ መልክ አይቀመጥም። በቃል የተያዘው ዳዊት፣ የልጅነት ጓደኛ ስም፣ ከቢቸና በደብረ ወርቅ በኩል ሞጣ የሚያደርሰው መንገድ ጎተራ የገባ እህል ነው፤ ዓመት ቢቆይ ችግር የለም። የሥራ ትውስታ ግን ሰፌዱ ነው። ከጎተራው ጥቂት ይቀዳበታል፣ ይበጠርበታል፣ ገለባው ይወጣል፣ የተጣራው ወደ ሌላ ይገለበጣል። ከልኩ በላይ ከጫኑበት ይፈሳል።

ልኩ ስንት ነው? አሜሪካዊው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ያህል ነገር ነው ብሎ ጻፈ። ኔልሰን ኮዋን በ2001 ማስረጃውን እንደገና መርምሮ ወደ አራት አወረደው። በመካከሉ፣ በ1974፣ እንግሊዛውያኑ አለን ባድሌይና ግራሃም ሂች ይህ ትውስታ የተለያዩ ክፍሎች እንዳሉት አሳዩ፤ አንዱ የሰማነውን በውስጥ ድምፅ እየደጋገመ ይይዛል፣ ሌላው ምስልና ቦታ ይይዛል፣ ከበላያቸው ደግሞ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይጣል የሚል ተቆጣጣሪ አለ። ለዚህ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ከግንባራችን ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ዶፓሚን የሚባለው ኬሚካል እዚያ ሲያንስም ሲበዛም ሥራው ይበላሻል። ይህ ክፍል ደግሞ ከአብዛኛው የአንጎል ክፍል ዘግይቶ፣ ከሃያ ዓመት ዕድሜ በኋላም ገና እየበሰለ የሚሄድ ነው።

ያለ ወረቀት

ይህ ትውስታ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ማየት የሚፈልግ ሰው የቅኔ ትምህርት ቤቶች ወዳሉበት ምሥራቅ ጎጃም ይውረድ። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበትና በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ያስታወሱት ቦታ ነው። ሞጣ ጊዮርጊስ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ያቋቋሙት ደብር ነው። ከሦስቱ የታወቁ የቅኔ ስልቶች ሁለቱ፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ የጎጃም ናቸው።

ጀማሪው የቅኔ ተማሪ የሚቆጥረው፣ ማለትም የሚያዘጋጀው፣ ጉባኤ ቃናን ነው። ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ግን በአእምሮ ብቻ የሚሠራ ነው። ተማሪው ደበሎውን ተከናንቦ ዛፍ ሥር ይቀመጣል። የመጀመሪያዋን ቤት በከንፈሩ እየደጋገመ ይይዛል። ሁለተኛዋን ሲፈልግ ግሱን ይለውጣል፤ ግሱ ሲለወጥ ባለቤቱም ይለወጣል፣ ዜማው ይረዝምበታል ወይም ያጥርበታል፤ ሰሙ ሲሰምርለት ወርቁ ያመልጠዋል። በዚህ ሁሉ መካከል የመጀመሪያዋ ቤት መጥፋት የለባትም። ማታ በነገራ ሰዓት የኔታ ፊት ቆሞ የቆጠረውን በቃሉ ይናገራል፤ የኔታም ሰምተው በቃላቸው ያርማሉ። ዐይነ ስውሯ የጎጃም የቅኔ መምህር እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ተማሪ ያፈሩት በዚሁ መንገድ፣ አንዲት ፊደል ሳያዩ ነው።

ልብ በሉ፤ ይህ ልጅ ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲያወራ ይውላል። ያም ሆኖ መንገደኛ አይቶት «አበደ» አይልም፤ ልጁም የሚሰማው ድምፅ የራሱ መሆኑን አይጠራጠርም። ይህን ያህል እርግጠኛ ያደረገው ምንድን ነው?

«የራሴ ነው» ማለት

መልሱን በቀላሉ መሞከር ይቻላል። የራስዎን ብብት ይኮርኩሩ። አያስቅም። ሌላ ሰው ሲኮረኩርዎ ግን ያስቃል። እጅዎ ከመንቀሳቀሱ በፊት አንጎልዎ «አሁን ልነካ ነው» የሚል መልእክት ለራሱ አስቀድሞ ስለሚልክ፣ ንክኪው ሲደርስ የተጠበቀ ስለሆነ ይቀዘቅዛል። ስንናገርም እንዲሁ ነው፤ በልባችን ስንናገርም ጭምር። አንጎል የራሱን ቃል አስቀድሞ ስለሚያውቀው «የራሴ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

ይህ ቅድመ ማስታወቂያ ሲደክም ወይም ሲዘገይ የራስ ሐሳብ ከውጭ የመጣ ይመስላል። ብዙ ተመራማሪዎች የሌለ ድምፅ መስማትን የሚያስረዱበት አንዱ መንገድ ይህ ነው። ሉዊስ ጉልድ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1949 ድምፅ እሰማለሁ የሚሉ የአንድ ታማሚን ጉሮሮ በማይክሮፎን ሲያዳምጥ፣ ታማሚው ለራሳቸው ሳይታወቃቸው በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ያንሾካሹኩ እንደነበር ዘገበ። የሹክሹክታው ቃልም ድምፁ ይለኛል ከሚሉት ጋር ይገጥም ነበር።

የሥራ ትውስታ እዚህ የሚገባው ለዚህ ነው። አሁን ያሰብኩት ምን ነበር፣ ማን ተናገረው፣ ከየት ጀመርኩት የሚለው ሁሉ ለጥቂት ሴኮንድ የሚያዘው በሰፌዱ ላይ ነው። ሰፌዱ ሲፈስ ቃሉ ይቀራል፣ የቃሉ ባለቤት ይጠፋል። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ የሥራ ትውስታ እንደሚዳከም ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ተደጋግሞ ታይቷል። በቅርቡም በአሜሪካ 9 እና 10 ዓመት የሆናቸው በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች ሲጠየቁ፣ እንግዳ ድምፅና ሐሳብ በርከት አድርገው የነገሩ ልጆች በሥራ ትውስታ ፈተና ትንሽ ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ ስድስት ቁጥር ወደ ኋላ መቁጠር ያቃተው ልጅ ታሟል ማለት አይደለም፤ ቅኔ የሚቆጥረውም አይታመምም ማለት አይደለም።

ምን ያህል ሰው ይሰማል?

ከሚገመተው በላይ ነው። ኢያን ኬለሄርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 ከብዙ አገር የተሰበሰቡ ጥናቶችን አንድ ላይ ሲያዩ፣ ከ9 እስከ 12 ዓመት ካሉ ልጆች 17 በመቶው፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ካሉት ደግሞ 7.5 በመቶው እንዲህ ያለ ገጠመኝ ነበራቸው። ከሚሰሙት የሚበዙት ጊዜ ሲያልፍ ይተዋቸዋል፤ ወደ ከባድ ሕመም የሚሻገሩት ጥቂቶች ናቸው። እናቱን በቅርቡ የቀበረ ልጅ ድምጿን ቢሰማ፣ ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ተማሪ ጥላ ሲሮጥ ቢያይ በሽታ ያዘው ለማለት አያስቸኩልም።

ከባዱ ሕመምስ? በአገራችን ትልቁ ጥናት የተሠራው ቡታጅራ ነው። እነ ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ደረጀ ከበደ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት አስጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ ከሺህ ሰው 4.7 ያህሉን በሕይወት ዘመኑ እንደሚይዝ ገመቱ። ከታማሚዎቹ ውስጥ ከዚያ በፊት የሕክምና መድኃኒት አግኝተው የነበሩት ከ10 በመቶ በታች ነበሩ። ሕመሙ በብዛት የጀመራቸውም በሃያዎቹ ዕድሜ፣ ማለትም የአንጎል የፊት ክፍል በስሎ ሳያልቅ ነው።

አብሾ

በአብነት ትምህርት ቤት አካባቢ ያደገ ሰው አብሾን ሳይሰማ አይቀርም። ትምህርት እንዲገባ፣ የተሰማው እንዳይረሳ ተብሎ የሚወሰድ ነገር ነው። አዘገጃጀቱ በምሥጢር የሚያዝና ከሰው ሰው የሚለያይ ሲሆን፣ ስሙ ደጋግሞ የሚነሣው ተክል አስተናግር ነው። ተማሪ ሁሉ ይወስዳል ማለት አይደለም። ጥቂት ጠጥቶ ጠባዩ የሚለወጥ ሰው ሲታይ ግን «አብሾ አለበት» ማለት ከተማም ድረስ የታወቀ ነው።

አስተናግር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ዳቱራ ስትራሞኒየም፣ በመንገድ ዳርና በቆሻሻ መጣያ አጠገብ የሚበቅል፣ አበባው ረጅም፣ ፍሬው እሾሃም የሆነ ተክል ነው። ውስጡ አትሮፒን፣ ስኮፖላሚንና ሃዮሲያሚን አሉ። ሦስቱም አሴቲልኮሊን የሚባለውን የአንጎል መልእክተኛ መቀበያው ላይ ይዘጉበታል። አሴቲልኮሊን ደግሞ አዲስ ነገር ለመያዝና ልብን ሰብስቦ ለመከታተል የግድ ያስፈልጋል። ድራክማንና ሌቪት የተባሉ ሐኪሞች በ1974 እ.ኤ.አ. ለጤነኛ ወጣቶች ስኮፖላሚን ሰጥተው የትውስታ ፈተና ቢያስቀምጧቸው፣ ወጣቶቹ የሽማግሌ ያህል ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች መርሳትን ማጥናት ሲፈልጉ ሆን ብለው የሚጠቀሙት ይህንኑ ኬሚካል ነው። ለትውስታ ተብሎ የሚወሰደው ተክል ትውስታን የሚዘጋ ነገር ይዟል ማለት ነው።

ሌላም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1676 በአሜሪካ ጄምስታውን የነበሩ የእንግሊዝ ወታደሮች የተክሉን ቅጠል እንደ ጎመን ቀቅለው በሉ። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንዳበዱ ቆዩ፤ ሲነቁ ከሆነው አንዱንም አላስታወሱም። ተክሉ ሲወሰድ አፍ ይደርቃል፣ የዐይን ብሌን ይሰፋል፣ ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ሰውነት ይግላል፣ ከዚያ የሌለ ሰው ማነጋገር ይመጣል። ሲበዛ ይገድላል። በአንጻሩ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በሴፕቴምበር 2024 ለስኪዞፍሬንያ የፈቀደው ኮበንፊ የተባለ አዲስ መድኃኒት የሚሠራው፣ አስተናግር ከሚዘጋቸው የአሴቲልኮሊን መቀበያዎች ውስጥ አንዳንዶቹን በማነቃቃት ነው።

ታዲያ የቅኔ ተማሪው ትውስታ ከየት መጣ? ከልምምዱ። በ1980 እ.ኤ.አ. አንደርሽ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ያሠለጠኑት አንድ ተማሪ ሰባት ቁጥር ከመያዝ ተነሥቶ ወደ 80 ደረሰ። ሯጭ ስለነበር ቁጥሮቹን በሚያውቃቸው የሩጫ ሰዓቶች እየጠቀለለ ይይዛቸው ነበር። በቁጥር ፈንታ ፊደል ሲሰጡት ግን ወደ ስድስት ተመለሰ። ሰፌዱ አልሰፋም፤ ከጎተራው የሚቀዳው እፍኝ ነው የወፈረው። ግሱንና አገባቡን ለዓመታት የቀጸለ የቅኔ ተማሪም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ለዚህ ሥር መቆፈር አያስፈልግም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

መጀመሪያ ሰፌዱን የሚያስደፋውን መለየት ነው። እንቅልፍ ማጣት፣ ረሃብ፣ ብቸኝነት፣ ጫት፣ ካናቢስ፣ ፍርሃትና ሐዘን ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት ከወጣቱ እንቅልፍን የነሣ፣ ትምህርትን ያቋረጠና ፍርሃትን ያበዛ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ተኝቶና በልቶ፣ ከሚያምነው ሰው ጋር አውርቶ ድምፁ ከተወው መልካም ነው።

ቀጥሎ ልጁን ራሱን መጠየቅ ነው፤ በቁጣ ሳይሆን እንደ ወንድም። «ምን ይልሃል? በስንት ቀን ይመጣል? አንተስ ታምነዋለህ?» ድምፁ ሳምንታት ከቆየ፣ ልጁ መታጠብ፣ መብላትና ከሰው መቀላቀል ከተወ፣ ሰዎች ሊገድሉኝ ያሴራሉ ካለ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ በየወረዳው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለሙያ የሳይካትሪ ነርስ ነው። ድምፁ «ራስህን ግደል» ወይም «እገሌን ምታ» የሚል ከሆነ ግን ብቻውን ሳይተዉት በዚያው ቀን ይወሰድ። አፉ ደርቆ፣ ብሌኑ ሰፍቶ የሚቀባጥር ልጅ አስተናግር ወስዶ ሊሆን ስለሚችል ለድንገተኛ ክፍል ይህን መናገር ሕይወት ያድናል።

ጠበልን በተመለከተ፣ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው፤ ጠበልና መድኃኒት አብረው መሄድ ይችላሉ። የሚጎዳው ሰንሰለትና ድብደባ፣ ደግሞም «ጠበሉ እስኪያልቅ» ተብሎ መድኃኒቱ የሚዘገይበት ወራት ነው። እንዲህ ያለው ሕመም (ሳይኮሲስ) ሳይታከም የሚቆይበት ጊዜ ባጠረ ቁጥር ልጁ ወደ ትምህርቱና ወደ ሥራው የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል። ቡታጅራ ላይ ከአሥር ታማሚዎች ለዘጠኙ ያልደረሰው ሕክምና ዛሬ በዚያ ዘመን ከነበረው ይልቅ ቅርብ ነው፤ ስለዚህ ቤተሰብ «ለከፈው» ብሎ ከመደበቁ በፊት የዚያኑ ሳምንት ይሂድ።