ተረትና እውነታ፦ አንቀጽ 11 ሃይማኖትን ከፍርድ ቤት አስወጥቷል?

መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 11 ብዙ ሰው የሚረዳው የሃይማኖት ሕግ ከፍርድ ቤት ደጅ እንዳይደርስ እንደ ከለከለ አድርጎ ነው። የዚያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 34(5) ግን ተከራካሪዎቹ ከፈቀዱ የግልና የቤተሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ እንዲዳኝ ይፈቅዳል። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤቶችን ያጠናከረው አዋጅ ቁጥር 188ም በዚህ ላይ የቆመ ነው። አንቀጽ 11 የሚጠብቀው የአማኙን ምርጫ ነው፤ ይህንንም የፌዴሬሽን ምክር ቤት በ1996 ዓ.ም. የወሰነው የውርስ ጉዳይ ያስረዳል። በሸሪዓ ፍርድ ቤት የተከሰሰች አንዲት ሙስሊም ሴት በዚያ መዳኘት እንደማትፈልግ ብትቃወምም ፍርድ ቤቱ ተቃውሞዋን አልፎ ፈረደባት፤ ይግባኝም ሰበርም አልታደጋትም። ምክር ቤቱ ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ፍርድ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ሲል ሻረው። ሸሪዓው ትክክል ነው አይደለም የሚል ክርክር ውስጥ አልገባም፤ የውሳኔው መሠረት ፈቃዷ ነበር። ሙስሊም መሆኗ ብቻ እንደ ፈቃድ አልተቆጠረባትም።

«ሃይማኖት የሚከበረው መንግሥት ሲደግፈው ነው» የሚል መከራከሪያ ይነሳል። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያንን በመንግሥት የምትደገፍ ብሎ ነበር፤ ነገር ግን የጳጳሳቷ ምርጫ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ አይጸናም ነበር። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው ሲያወርድ፣ የሚደግፍ እጅ ማዘዝና መሻርም እንደሚለምድ ታየ። ከሌላ እምነት የሆነው ዜጋ ደግሞ በገዛ አገሩ በሕግ ሁለተኛ ሆኖ መኖሩ ሌላው ዋጋ ነው፤ ይህን ችላ ብሎ ያን ዘመን መናፈቅ ፍትሕ አይደለም።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ከወዲያኛው ወገን ይመጣል፤ ዘመድ አዝማድ ከቧት የምትፈቅድ ሴት በእርግጥ ፈቅዳለች ወይ? ጥያቄው እውነተኛ ነው። በአዋጁ መሠረት መጥሪያ ደርሶት ያልቀረበ ተከሳሽ በሸሪዓ ፍርድ ቤቱ ሥልጣን እንደ ተስማማ ይቆጠራል፤ ክርክሩም በሌለበት ይታያል። መጥሪያው ምን እንደሚያስከትል ያልተረዳች፣ ወይም ቀርባ እንዳትቃወም የተከለከለች ሴት በዝምታዋ መብቷን ታጣለች። ለዚህ መድኃኒቱ ፍርድ ቤቶቹን መዝጋት አይመስለኝም፤ በእነሱ መዳኘት የሚሹ አማኞችን መብት ይነካልና። ይልቅ ፈቃድ በግልጽ ቃል፣ መብቱ ከተነገረው ሰው አንደበት እንዲሰጥ አዋጁ መሻሻል አለበት።