የተጎዳን ነርቭ በማግኔት መመዘን

አንድ ወጣት ከሞተር ብስክሌት ወድቆ በትከሻው መሬቱን መታ እንበል። አጥንቱ አልተሰበረም፤ ቁስሉም ቶሎ ደረቀ። ክንዱ ግን አልታዘዝ ብሎ ተንጠልጥሎ ቀረ። የተጎዳው ከአንገት ተነሥቶ በብብት በኩል ወደ ክንድ የሚዘልቀው የነርቮች ጉንጉን፣ ብራክያል ፕሌክሰስ ነው። ጉንጉኑ ከኅብለ ሰረሰር በሚወጡ 5 ሥሮች የተገነባ ነው። ሐኪሙ መወሰን ያለበት ጉዳይ ደግሞ አስቸኳይ ነው፦ ነርቩ በራሱ እስኪድን ይጠበቅ ወይስ ቀዶ ሕክምና ይደረግ? በዚህ ጽሑፍ ፊዚክስ ለውሳኔው የሚያበረክተውን እርዳታና የእርዳታውን ወሰን እንቃኛለን።

አምስቱ ደረጃዎች

እንግሊዛዊው ሐኪም ኸርበርት ሴዶን እ.ኤ.አ. በ1943 የነርቭ ጉዳትን በ3 ከፈለው፤ አውስትራሊያዊው ሲድኒ ሰንደርላንድ በ1951 ክፍፍሉን ወደ 5 አሰፋው። ነርቭን በኤሌክትሪክ ገመድ ብንመስለው፣ በ1ኛው ደረጃ የሚጎዳው የሽቦዎቹ መሸፈኛ፣ ማለትም ማይሊን ብቻ ነው፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይድናል። በ2ኛው ሽቦዎቹ፣ ማለትም አክሶኖች ይበጠሳሉ፤ ያለፉባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ግን ስለሚተርፉ አዲስ የሚያድገው አክሶን መንገዱን አይስትም። በ3ኛው ቱቦዎቹ፣ በ4ኛው ደግሞ ቱቦዎቹን በጥቅል የያዘው ሽፋን ይፈርሳል፤ የሚቀረው የውጭው ልባስ ብቻ ነው። በ5ኛው ነርቩ ፈጽሞ ይቆረጣል። ከሁሉም የከፋው ሥሩ ከኅብለ ሰረሰር ሲነቀል ነው፤ ይህ በራሱ አይድንም።

አክሶን የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከአንገት እስከ እጅ 70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 700 ቀናት ያስፈልጋሉ። ነርቭ የተለየው ጡንቻ ግን ከ12 እስከ 18 ወራት ካለፈው በኋላ ነርቩ ቢደርስለት እንኳ መልሶ የመሥራት ዕድሉ የመነመነ ነው። ያላግባብ መጠበቅ ክንድን ያሳጣል፤ ያላግባብ መቅደድም በራሱ ይድን የነበረውን ነርቭ ይጎዳል።

ማግኔቱ የሚያየው

ኤም.አር.አይ. ምስል የሚሠራው በአብዛኛው በውኃና በስብ ውስጥ ካለው የሃይድሮጅን አቶም አስኳል፣ ከፕሮቶን ነው። በ1.5 ቴስላ ማግኔታዊ መስክ ውስጥ ፕሮቶኖች 64 ሜጋኸርዝ ገደማ ድግግሞሽ ላለው የሬድዮ ሞገድ ምላሽ ይሰጣሉ። የስብ ፕሮቶኖች ከውኃ ፕሮቶኖች በ220 ኸርዝ ገደማ ስለሚለዩ የስቡን ድምቀት ነጥሎ ማጥፋት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ውኃ የቋጠረው የተጎዳ ነርቭ ደምቆ ይታያል። ሥር በተነቀለበት ቦታም ብዙ ጊዜ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ የቋጠረ ከረጢት ይታያል።

ጡንቻም ይመሰክራል። አክሶኖቹ ከተበጠሱ ጡንቻው ከቀናት እስከ ሳምንታት ባለው ጊዜ በምስሉ ላይ መድመቅ ይጀምራል፤ በ1ኛው ደረጃ ግን እንደ ጤነኛ ይቆያል።

አስቸጋሪው ከ2ኛው እስከ 4ኛው ያለው ነው። በሦስቱም ነርቩ ከውጭ ሲታይ አልተቆረጠም። የአንድ አክሶን ውፍረት ጥቂት ማይክሮ ሜትር ሲሆን የምስሉ ነጥብ ግን ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ነጥቡን በሁሉም አቅጣጫ በግማሽ ብናሳንሰው ምልክቱ 8 ጊዜ ይደክማል፤ የቀድሞውን ጥራት ለመመለስ 64 እጥፍ ጊዜ ያሻል። የ5 ደቂቃው ምርመራ ከ5 ሰዓት በላይ ሆነ ማለት ነው፤ ታካሚው ደግሞ ይተነፍሳል፣ ይንቀሳቀሳል።

ስለዚህ ተመራማሪዎች በተዘዋዋሪ መንገድ ሄዱ። በጤነኛ ነርቭ ውስጥ የውኃ ሞለኪውሎች ከአግድሙ ይልቅ በአክሶኖቹ ርዝመት አቅጣጫ በቀላሉ ይንቀሳቀሳሉ። አክሶኖቹ ሲፈርሱ ይህ ልዩነት ይቀንሳል፤ ሲያገግሙ ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1994 ይፋ የሆነው የዲፊውዥን ቴንሰር ዘዴ ልዩነቱን በቁጥር ይለካል። ይሁን እንጂ ቁጥሩ ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ ብቻውን የውሳኔ መሠረት ሊሆን አልቻለም።

ወደ ወጣቱ እንመለስ። ምስሉ የተነቀለ ሥር ካሳየ መጠበቅ ትርጉም የለውም። ጡንቻው ጤነኛ መስሎ ከቆየ በተስፋ ይጠበቃል። ከሁለቱ መካከል ከሆነ ግን ሐኪሙ ምስሉን ከእጅ ምርመራና ከጡንቻ የኤሌክትሪክ ምርመራ ጋር እያገናዘበ ወራቱን መቁጠር ይኖርበታል። ይህን የጥርጣሬ ጊዜ ማሳጠር ለመጪዎቹ የፊዚክስና የሕክምና ተማሪዎች የተተወ የቤት ሥራ ነው።