ለቱርቦ ሞተር የሚስማማ ካንዴላ አመራረጥ

የቤንዚን ሞተር ካንዴላ ሁለት ተግባር አለው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ነው፤ ይኸውም የአየርና የቤንዚንን ድብልቅ በብልጭታ ማቀጣጠል ነው። ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ይኸውም በጫፉ ላይ የሚያርፈውን ሙቀት ወደ ቴስታታው ማሳለፍ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ስለ ሁለተኛው ተግባር ለማስረዳት እንሞክራለን፤ ቱርቦ ላለው መኪና ካንዴላ ሲመረጥ ዋናው ጥያቄ እርሱ ነውና።

የካንዴላው ጫፍ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ካነሰ ጥላሸት ይለብሳል፤ ኤሌክትሪኩም በጥላሸቱ በኩል እየሾለከ ስለሚባክን ብልጭታው ይደክማል። ከ850 ዲግሪ ገደማ ካለፈ ደግሞ ጫፉ እንደ ፍም ይግልና ብልጭታው ሳይመጣ ድብልቁን ያቀጣጥለዋል። ያን ጊዜ ፒስቶኑ ገና ወደ ላይ በመውጣት ላይ ሳለ የእሳቱ ግፊት ይቃወመዋል፤ ሙቀቱም እየተደራረበ ሄዶ ፒስቶኑን ሊበሳው ይችላል። ስለዚህ የሚፈለገው በሁለቱ ወሰኖች መካከል የሚቆይ ካንዴላ ነው።

ካንዴላን «ሙቅ» ወይም «ቀዝቃዛ» የሚያሰኘው የብልጭታው ኃይል አይደለም፤ በጫፉ ዙሪያ ያለው የነጭ ሸክላ ርዝመት ነው። ሸክላው ረዥም ሲሆን ሙቀቱ ወደ ብረቱ የሚደርሰው ዘግይቶ ስለሆነ ጫፉ ይሞቃል፤ አጭር ሲሆን ግን ቶሎ ያልፋል። ፋብሪካዎች ይህን በቁጥር ያመለክታሉ። ነገር ግን በጃፓኑ ኤን.ጂ.ኬ. ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በጀርመኑ ቦሽ ግን ይሞቃል። የአንዱን ቁጥር ለሌላው የወሰደ ሰው ካሰበው ተቃራኒውን ይገጥማል።

ቱርቦ በጭሱ ግፊት እየዞረ አየርን አምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። ብዙ አየር ከብዙ ቤንዚን ጋር ሲነድ ሙቀቱ ይጨምራልና፥ ቱርቦ ለሌለው ሞተር ተስማሚ የነበረው ካንዴላ እዚህ ከልክ በላይ ሊሞቅ ይችላል። መነሻው ሁልጊዜ የመኪናው ፋብሪካ ያዘዘው ደረጃ ነው። የሞተሩ ጉልበት ከተጨመረ ግን፥ ለየ75 እስከ 100 የፈረስ ጉልበት ጭማሪ አንድ ደረጃ ወደ ቀዝቃዛው መውረድ የተለመደ መመሪያ ነው። የታመቀ ድብልቅን ብልጭታ በቀላሉ ስለማያቋርጠው የካንዴላውን ክፍተት በመጠኑ ማጥበብም ያስፈልጋል።

ይሁን እንጂ ቀዝቃዛ ካንዴላ ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። በ1962 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ለገበያ የቀረበው ኦልድስሞቢል ጄትፋየር ቱርቦ ከተገጠመላቸው የመጀመሪያዎቹ የገበያ መኪናዎች አንዱ ነበር። ሞተሩ ድብልቁን ከ10 እጥፍ በላይ ስለሚጨምቅ፥ ከብልጭታው በኋላ ያልነደደው ድብልቅ በራሱ እየፈነዳ እንዳያንኳኳ መሐንዲሶቹ ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ወደ ሞተሩ እንዲገባ አደረጉ። እንዲህ ያለውን ማንኳኳት የሚያስቀረው የተሻለ ቤንዚን፥ የብልጭታውን ጊዜ ማዘግየት ወይም የሚገባውን አየር ማቀዝቀዝ ነው።

ምርጫው ትክክል መሆኑ የሚታወቀው ሞተሩ በሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ካንዴላውን ፈትቶ በማየት ነው። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ወይም ግራጫ ሸክላ ደኅና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት መቀዝቀዙን፥ የነጣና ያበጠ ሸክላ መጋሉን ያመለክታል፤ ሆኖም የቤንዚኑ መብዛትና ማነስም ተመሳሳይ ምልክት ስለሚሰጥ አስቀድሞ ድብልቁን መመርመር ይገባል። በከተማ ውስጥ በዝግታ የሚነዳ መኪና እጅግ ቀዝቃዛ ካንዴላ ቢገጠምለት በጥላሸት ይታፈናል። ስለዚህ አንድ ደረጃ ብቻ እየለወጡ፥ በየጊዜው እየፈቱ መመልከት ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው።