«የአብራክ ክፋይ» እና «ማደጎ»፦ ስለ ልጅነት ስያሜዎች አጭር ማብራሪያ

በአማርኛ ልጅነት የሚሰየምባቸው ቃላትና ሐረጎች በርካታ ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ መካከል በመውለድና በማሳደግ ዙሪያ ያሉትን ጥቂቶቹን መርጦ ፍቺያቸውንና አገልግሎታቸውን ማብራራት ነው። ወደ ጉዳዩ የመራኝ የቤተ መጻሕፍት ንባብ አይደለም፤ በራሴ ቤት የደረሰ ነገር ነው። እንደ ልማዱ ከመዝገበ ቃላት ለመጀመር ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም። ስለዚህ አንባቢን ይቅርታ እየጠየቅሁ ከቤቴ እጀምራለሁ።

በ2011 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜና እዚያው ለትምህርት የሄደችው ልጄ ምራቃቸውን በትንሽ ብልቃጥ አድርገው በፖስታ በመላክ «ዲኤንኤ» የሚባለውን የዘር ምርመራ አብረው አደረጉ። ያደረጉት ለጨዋታ ነበር። አጎትና የወንድም ልጅ ከዘር ቅንጣታቸው በአማካይ 25 በመቶ ያህሉን ይጋራሉ። የእነርሱ ግን 6 በመቶ አካባቢ ሆነ። ልጄ ደውላ «አባዬ፣ ምርመራው ሳይሳሳት አይቀርም» አለችኝ። እኔም ተሳስቶ ነው ብዬ አጽናናኋት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ከወንበሬ ለመነሣት ስሞክር ግን ብርክ ያዘኝ።

እዚህ ላይ ስለ ቁጥሩ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ምርመራው ዝምድናን አይሰይምም፤ ሁለት ሰዎች የሚጋሩትን መጠን ብቻ ይለካል። 6 በመቶ ያህል የሚጋሩ ሰዎች አንዱ ለሌላው የአክስቱ ልጅ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ወላጆቻቸው በአባት ብቻ ወይም በእናት ብቻ የሚገናኙ የአክስትና የአጎት ልጆችም በአማካይ ይህንኑ ያህል ይጋራሉ። ከመጠኑ ወደ ስሙ የሚያሻግረው የቤተሰብ ታሪክ ነው። በእኛ ቤት ያንን ታሪክ የያዙት ሁለት ሴቶች ነበሩ፦ እማዬ፣ እንዲሁም እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «እትዬ» የምላት ታናሽ እህቷ።

እማዬ ያን ጊዜ ሰማንያ ዓመት አልፏት ነበር። ጠየቅኋት። ብዙ ዝም ብላ ቆየችና «ልጅነትህን የነሣህ ሰው አለ?» አለችኝ። ከዚህ የበለጠ መልስ አላስፈለገኝም። የቀረውን ቀስ በቀስ የነገረችኝ እትዬ ናት። የወለደችኝ እሷ ነች። ትዳር ሳትይዝ አረገዘች፤ ታላቅ እህቷ ደግሞ ካገባች ስድስት ዓመት ሆኗት ልጅ አላገኘችም ነበር። ሁለቱ ተማክረው ከጎጃም ርቀው አዲስ አበባ ከረሙ፤ ሲመለሱ ሕፃኑ የታላቂቱ ሆኖ ተመለሰ። ወንድሜ የተወለደው ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲህ ወንድሜ የአክስቴ ልጅ ነው ማለት ነው፤ ለእኔ ግን «የአክስቴ ልጅ» ብዬ ልጠራው አፌ እንቢ ብሏል። የወለደኝ አባት ማን እንደሆነ እትዬ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም።

ወደ ቃላቱ ልመለስ። «ማደጎ» «አደገ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። በሕግም በዕለት ንግግርም የተለመደው «ጉዲፈቻ» ከኦሮምኛ የተወሰደ ሲሆን የእርሱም መሠረት ማሳደግ ነው። «የጡት ልጅ» እና «የማር ልጅ» የሚሉት ሐረጎች ልጁ ማር የተቀባ ጡት ወይም ጣት እንዲጠባ ይደረግበት ከነበረው ሥርዓት ጋር የተያያዙ ናቸው። «የእንጀራ ልጅ» የሚለውም በማዕድ ይሰይማል። ልብ ሊባል የሚገባው ከእነዚህ ቃላት ውስጥ አንዱም ድብቅነትን አለመያዙ ነው። የማር ልጅ የሚደረገው ሰው እያየ ነበር። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግም የጉዲፈቻ ልጅ ከተወለደበት ቤተሰብ ጋር ያለው ግንኙነት እንደማይቋረጥ፣ ከሁለቱ ቤተሰቦች አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን ያሳደገው እንደሚቀድም ይደነግጋል። በእኛ ቤት የሆነው ከዚህ ሁሉ የወጣ ነው፤ ቃሉ እያለ ቃሉን የሚጠራ ጠፋ።

በሌላው ወገን «ደም»፣ «ሥጋ»፣ «ዘር» እና «አጥንት» ይገኛሉ። «አጥንት መቁጠር» ርስት ለመጠየቅ፣ «ሰባት ቤት መቁጠር» ደግሞ ለጋብቻ ያገለግል እንደነበር ይታወቃል፤ የኋለኛው ዛሬም አልቀረም። እኔ ራሴ ስዳር ሽማግሌዎች ፊት በእናትም በአባትም ሰባት ቤት አስቆጥሬያለሁ። የእናቴ በኩል ብዙም አልተነካ፤ ሁለቱ እህትማማቾች ስለሆኑ የሚለወጠው አንድ ስም ብቻ ነው። በአባቴ በኩል የቆጠርሁት ግን አንዱም የእኔ አልነበረም። ባለቤቴም የዚያው አገር ሰው ናት። ነገሩን በነገርኋት ሌሊት «ታዲያ እኔና አንተ ስንት ቤት ነን?» ብላ ጠየቀችኝ። ምርመራው ይህን በግምት ሊነግረን ይችል ነበር። ሁለታችንም ብልቃጡን አላነሣንም።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ እዚህ ላይ የሶፎክልስን ኤዲፐስ ማስታወሱ አይቀርም። በግብዣ ላይ አንድ ሰካራም የአባቱ ልጅ አለመሆኑን ሲነግረው ያሳደጉት ወላጆች እውነቱን ሸሸጉት፤ ኤዲፐስ ከቆሮንቶስ የሸሸው ያሳደገውን ሰው እንዳይገድል ፈርቶ ነው። በትምህርት ቤት ስለ ዕጣ ፈንታ ብዙ ተነግሮናል፤ ስለዚያ ዝምታ ግን ጥቂት። ለእኔ ቤት ይበልጥ የሚቀርበው የሙሴ ታሪክ ነው። የገዛ እናቱ በደመወዝ የተቀጠረች አጥቢ ሆና አሳደገችው። እትዬም በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአክስትነት ስም፣ ስታጥበኝና ስታበላኝ ኖራለች።

አሁን ብዙ ያስጨነቀኝን ሐረግ ላንሣ። እማዬ በሰው ፊት «የአብራኬ ክፋይ» እያለች ትጠራኝ ነበር። እውነቱን ካወቅሁ በኋላ ለወራት ይህን ሐረግ እንደ ውሸት ቆጥሬ ተቀይሜያታለሁ። ሐረጉ በዛሬው አማርኛ የሚያገለግለው ከአካል ለወጣ ልጅ ነውና። ሥሩን ስንመለከት ግን «አብራክ» በግእዝ የ«ብርክ» ብዙ ቁጥር ሲሆን ፍቺውም ጉልበት ነው፤ «ተንበረከከ» እና «ብርክ ያዘው» የሚሉት ከዚሁ ይወጣሉ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ልጅ ያጣችው ራሔል አገልጋይዋ ባላ በእርሷ ጉልበት ላይ እንድትወልድላት ትሻለች፤ በዚያ ታሪክ ጉልበት ያልወለደች ሴት ልጅን የራሷ የምታደርግበት ስፍራ ነው። በዚህ ንባብ «የአብራክ ክፋይ» ከማደጎ የሚለየው ብዙ ሰው በሚያስበው መጠን አይደለም።

ይህን ለእትዬ እንደ ትምህርት አስረዳኋት። ግእዙን ብዙም አልሰማችውም። «አዋላጅ አልጠራንም፤ እንዳይሰማ ነዋ» አለችኝ። «ተንበርክካ የተቀበለችህ እሷ ናት። ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ለእኔ አልሰጠችኝም።» ቅሬታ ይሁን ምስክርነት ከድምፅዋ መለየት አልቻልሁም።

እማዬ በ2014 ዓ.ም. ዐረፈች። ከአርባዋ በኋላ እትዬን አንድ ጊዜ «እማዬ» ብዬ ጠራኋት። «ተው፤ ያ ስም የእሷ ነው። እንደ ለመድኸው ጥራኝ» አለችኝ። ባለፈው ዓመት ለልጄ ጋብቻ ሽማግሌዎች ሲመጡ በእናቴ በኩል ከእትዬ ጀምሬ ቆጠርሁ። በአባቴ በኩል ስደርስ ዝም አልሁ፤ ሽማግሌዎቹም ዝም አሉ። እትዬ በሩ አጠገብ ተቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታዳምጥ ነበር።