ደብዳቤው ይምጣ ወይስ አንባቢው ይሂድ?

ከደቡብ ጎንደር እስቴ ተነሥተው በየአገሩ የተበተኑ የቅኔ ወዳጆች አሉ እንበል። አንዱ እዚያው መካነ ኢየሱስ ከተማ ቀርቷል፣ ሌላው አዲስ አበባ ቢሮ ይውላል፣ ሌላዋ ዋሽንግተን ሆስፒታል በሥራ ታድራለች። የሚፈልጉት የሰሙትን ጉባኤ ቃና ለሁሉም ማድረስና በሰምና ወርቁ ላይ መከራከር ነው። በምን ይገናኙ? «ቴሌግራም አለ አይደል?» የሚል አይጠፋም። ግን ከቴሌግራም በፊት ሁለት መንገዶች ነበሩ፤ አንደኛው ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል፣ ለእነዚህ ሰዎችም የሚሻላቸው እሱ ይመስለኛል።

ይኸውም የኢሜይል ዝርዝር ነው። ለቡድኑ አንድ የጋራ አድራሻ ይወጣል። ወደዚያ የተላከ ደብዳቤ ተባዝቶ በተመዘገበው ሰው ሁሉ ሣጥን ይገባል። መጀመሪያ ላይ ስም የሚጨምረውና የሚሰርዘው ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 ኤሪክ ቶማስ የተባለ የፓሪስ ተማሪ ሊስትሰርቭ የተሰኘውን ፕሮግራም ከጻፈ ወዲህ መግባቱም መውጣቱም በአጭር መልእክት የሚያልቅ ሆነ። ደብዳቤ የበዛበት ሰው የቀኑን ሁሉ በአንድ ጥቅል እንዲደርሰው ማዘዝም ይችላል።

ሁለተኛው ኒውስግሩፕ ነው። በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የነበሩት ቶም ትረስኮትና ጂም ኤሊስ እ.ኤ.አ. በ1979 ባፈለቁት ዩዝኔት በተባለ መረብ ላይ ይኖራል። እዚህ መልእክቱ ወደ ማንም ቤት አይሄድም። አንድ ሰርቨር ላይ ይለጠፋል፤ ያ ሰርቨር ለሌላው፣ ሌላውም ለቀጣዩ ቅጂ ያቀብላል። አንባቢው በፈለገ ሰዓት ገብቶ ያነባል፣ የፈለገውን ይዘላል። ልዩነቱን በእኛ አገር ልማድ ካየነው የኢሜይል ዝርዝሩ እንደ ማኅበር፣ ኒውስግሩፑ እንደ ሰንበቴ ነው። በማኅበር አባሉ በስሙ ይታወቃል፣ የቀረውም «ምን ሆኖ ይሆን?» ተብሎ ይጠየቅለታል። ሰንበቴ ግን ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይወጣም፤ መንገደኛውም ነዳያኑም ገብተው ይቀምሱበታል።

ኒውስግሩፕ ለክርክር የተመቸ ነበር። መልስ ከጥያቄው ሥር፣ የመልሱ መልስም ከመልሱ ሥር ስለሚሰለፍ አንድ ቅኔ አምስት ዓይነት ፍቺ ቢወጣለት እንኳ ማን ለማን እንደመለሰ አይጠፋም። ችግሩ በሩ ወለል ብሎ መከፈቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994 ካንተርና ሲገል የተባሉ የአሪዞና ጠበቆች አንድ ማስታወቂያ ከ5 ሺህ በላይ በሆኑ ኒውስግሩፖች ላይ ለጠፉ። ማስታወቂያው ስለ ምን ነበር ቢባል፣ ስለ ግሪን ካርድ ሎተሪ! የዲቪ ሞይ ደላላ እንግዲህ የኢንተርኔት ሁከት ከጀመሩት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲያ ማስታወቂያው ወሬውን እየዋጠው ሄደ። ጎግልም እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ለዩዝኔት ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት አቋርጧል።

በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሁለቱንም ሞክረዋል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ኢኢዲኤን በሚባል የኢሜይል ዝርዝር ይጻጻፉ ነበር፤ በዩዝኔትም ላይ በኢትዮጵያ ስም የተከፈተ መድረክ ነበራቸው። ፊደላችን ገና በሁሉም ኮምፒውተር የሚታወቅ የጋራ ኮድ አልነበረውም። ስለዚህ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ሴራ የተባለውን ሥርዓት አበጁ። አማርኛው በላቲን ይጻፋል፣ ትንሹ ቲ «ተ»ን፣ ትልቁ ቲ «ጠ»ን ይወክላል፤ በተቀባዩ ዘንድ ፕሮግራሙ ወደ ግእዝ ፊደል ይመልሰዋል። ሥርዓቱ የተፈለገው በደብዳቤ ይሁን በኒውስግሩፕ የሚያልፈው ተራ የላቲን ጽሑፍ ብቻ ስለነበረ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት የጋራ ኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

አገር ቤት ደግሞ ኢንተርኔት እ.ኤ.አ. በጥር 1997 እስኪገባ ድረስ ኢሜይል በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ በነበረው ፓዲስ በተባለ የመረጃ ሥርዓት በኩል ይላክ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ደብዳቤዎች ይጠራቀማሉ፣ ኮምፒውተሩ በስልክ ወደ ውጭ ይደውላል፣ ያለውን ሰጥቶ የመጣውን ይቀበላል፣ ስልኩ ይዘጋል። ሁልጊዜ መገናኘት አያስፈልግም ነበር።

መካነ ኢየሱስን ሳስብ ይህ አሠራር ትዝ ይለኛል። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር የማያውቅ የለም። መስመር ሲቋረጥ የትኛውም ዘዴ አይሠራም፤ ልዩነቱ የሚታየው መስመሩ ሲመለስ ነው። የኒውስግሩፕ ሰርቨር ጽሑፉን ለተወሰነ ጊዜ ካኖረ በኋላ ይጥለዋል፤ ዘግይቶ የገባ ባዶ ሜዳ ሊያገኝ ይችላል። የተላከ ደብዳቤ ግን በባለቤቱ ሣጥን ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አንዴ ስልኩ ላይ ከወረደ ደግሞ ያለ ኔትወርክም ይነበባል።

ቴሌግራምስ? እውነት ለመናገር እሱም መልእክቱን ያቆያል፣ ግሩፑ እስከ 200 ሺህ ሰው ይይዛል፣ የመምህሩ ድምፅም ሊላክበት ይችላል። ቅኔ የሚሰማ ነገር ነውና ይህ ቀላል አይደለም። የማልወደው ፍጥነቱን ነው። ማታ የተላከው መወድስ ቅኔ ጠዋት በ«እንደምን አደራችሁ» እና በአበባ ሥዕል ተቀብሮ ይገኛል። ስምንት ቤት ያለውን መወድስ ፈትቶ ለመመለስ ቀናት የሚወስድበት ሰው እዚያ ቦታ የለውም። ኢሜይል ግን ርእስ አለው፤ ከሳምንት በኋላ የመጣ መልስም ከዚያው ርእስ ጋር ይገጥማል።

ስለዚህ የኢሜይል ዝርዝሩን ይክፈቱ፤ የተመረጡትን ቅኔዎች በቴሌግራም ቻናል ቢያወጡም ይጠቀማሉ። አስተዳዳሪው ሁለት ሰው ይሁን፣ አንዱ ክልሉ ውስጥ ሌላው ውጭ፤ የአንዱ መስመር ቢጠፋ ሌላው አዲስ አባል ይቀበላል። የደብዳቤዎቹን ክምችትም ሁለቱም በየራሳቸው ኮምፒውተር ይያዙ። ያሁ ግሩፕስ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲዘጋ ቅጂ ያላስቀሩ ብዙ ቡድኖች ክምችታቸው አብሮ ጠፍቷል።

አንድ ማስተካከያ ይቀራል። አባሉ «መልስ» የሚለውን ሲጫን ደብዳቤው ለጻፊው ብቻ ይሂድ ወይስ ለሁሉም? ብዙ ቡድኖች ጠብ ፈርተው ለጻፊው ብቻ ያደርጉታል። የቅኔ ወዳጆች ግን ለሁሉም ቢያደርጉት ይሻላል፤ የቅኔ ቤት ተማሪ በጉባኤ መካከል መታረም ለምዷል።