ዳክዬዋን ማን ይፈትሻታል?

በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ጀልባውን በተሳቢ ጎትቶ ሐይቅ ዳር የደረሰ ዓሣ አጥማጅ ፈታሾች ሲያስቆሙት ከሚያነሣቸው መከራከሪያዎች አንዱ ይህ ነው፦ «እኔን ትፈትሻላችሁ፤ ዳክዬዋንስ ማን ይፈትሻታል?» ሲሰማ ልክ ይመስላል። ዳክዬ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ ትበራለች፤ እግሯ እርጥብ ነው፤ ፈቃድ አትጠይቅም። ወራሪው ሙሰል በዳክዬ እግር መግባቱ ካልቀረ፣ መንግሥት በጀልባ ላይ ያወጣው ደንብ ሕዝብ ከማጉላላት በቀር ፋይዳ የለውም ይባላል። አባባሉ ስሕተት ነው። ማስረጃው ከቀረበም ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ወሬው ግን ዛሬም እንደ እውቀት ይነገራል።

እንስሳው ዜብራ ሙሰል ይባላል። የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ነው፤ እንደ ሜዳ አህያ ዝንጉርጉር ነው፤ በሁለት ክዳን ይዘጋል። (አማርኛ ለዚህ እንስሳ የተለመደ ስም የለውም። «ዛጎል» ቅርፊቱን እንጂ እንስሳውን አይጠራም፤ «ቀንድ አውጣ» ደግሞ ዘመዱ እንጂ እሱ አይደለም። ስለዚህ እዚህ «ሙሰል» ተብሎ ይቀጥላል።) የትውልድ ስፍራው የጥቁር ባሕርና የካስፒያን ባሕር ተፋሰስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካና በካናዳ ድንበር ላይ በሚገኘው የሴንት ክሌር ሐይቅ ተገኘ፤ የመጣውም መርከቦች ሚዛናቸውን ለመጠበቅ በሚሸከሙት ውኃ ነው። በ1989 ሚኒሶታ ውስጥ ዱሉት ወደብ ደረሰ፤ በ2005 በሚል ላክስ፣ በ2010 በሚኒቶንካ ሐይቅ ታየ። ቧንቧ ይደፍናል። አንዱ ሙሰል በቀን አንድ ሊትር ያህል ውኃ እያጣራ የዓሣ ጫጩት የሚኖርበትን ረቂቅ ምግብ ይበላል። ይህን ያህሉ ብዙ ተጽፎበታል።

አሁን ወደ ዳክዬዋ። ሙሰሉ ለንደን ውስጥ የታየው በ1824 ነው። ብሪታንያንና አየርላንድን የሚለያቸው ጠባብ ባሕር ነው፤ የውኃ ወፎች በየዓመቱ ይሻገሩታል። አየርላንድ ግን ለ170 ዓመት ያህል ሙሰል አላየችም። በጃንዋሪ 1993 የአውሮፓ የጋራ ገበያ ሲጀመር፣ ያገለገለ ጀልባ ከብሪታንያ ሲገባ ይከፈል የነበረው ተጨማሪ እሴት ታክስ ቀረ። ሰው ያገለገሉ ጀልባዎችን እየገዛ አሻገረ፤ ሆዳቸው ላይ የተለጠፈው ሙሰልም አብሮ ገባ። በ1997 በሻነን ወንዝ ተፋሰስ ሲታወቅ፣ አጥኚዎች የገባበትን ጊዜ 1994 አካባቢ አደረጉት። ወፎቹ በ170 ዓመት ያላሻገሩትን ጀልባ በአንድ ሁለት ዓመት አሻገረው።

ለምን እንዲህ ሆነ? መልሱ ያለው በሙሰሉ አወላለድ ላይ ነው፤ የደንቡ ክርክር በሙሉ የተንጠለጠለውም እዚህ ላይ ነው።

በ1993 ላድ ጆንሰንና ጄምስ ካርልተን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ የተለመደ አስተሳሰብን «የኖኅ ስሕተት» ብለው ሰየሙት። አንድ ወንዴና አንዲት ሴቴ ሐይቅ ከገቡ ሐይቁ አለቀለት ብሎ ማመን ማለት ነው። ወደ ኖኅ መርከብ የገቡት እንስሳት እግርና ክንፍ አላቸው፤ ከመርከቡ ወርደው መፈላለግ ይችላሉ። ሙሰል ግን ከድንጋይ ተጣብቆ የሚኖር ነው። ውኃው 12 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ ሴቴዋ እንቁላሏን፣ ወንዴው ዘሩን ዝም ብለው ወደ ውኃ ይለቃሉ፤ ጽንሱ የሚያዘው ከሰውነታቸው ውጭ ነው። አንዲት ሴቴ በዓመት እስከ 1 ሚሊዮን እንቁላል ልትለቅ ትችላለች። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ወንዴው ሃምሳ ሜትር ርቆ ከተቀመጠ ሚሊዮኑ ከንቱ ነው። አንድ ሰው ከሜዳው ወዲህ፣ ሌላው ከሜዳው ወዲያ ቆመው እፍኝ እፍኝ ጤፍ ለነፋስ ቢበትኑ፣ የዚህ ፍሬ ከዚያ ፍሬ ጋር የሚጋጠመው ስንት ጊዜ ነው? የተሳካለት ጽንስም እጭ ሆኖ ለሁለት እስከ አራት ሳምንት በማዕበል ሲንገላታ ይቆያል፤ አብዛኛው ይሞታል፤ የተረፈው ከወንድሙ ርቆ ይወድቃል። ቀጣዩ ትውልድም እንደገና ብቸኛ ነው።

ፍም ለየብቻው ሲበተን ይጠፋል፤ ተሰብስቦ ሲከመር ይቀጣጠላል። ሙሰልም እንዲሁ ነው፤ ወሳኙ መግባቱ ብቻ ሳይሆን ተሰብስቦ መግባቱ ነው። ዳክዬ ጥቂት እጭ ይዛ ልትሻገር እንደምትችል አይካድም። ግን ጥቂት እጭ በሰፊ ሐይቅ ውስጥ የተበተነ ፍም ነው።

ተሰብስቦ የሚገባው እንዴት ነው? እነ ጆንሰን በ2001 ባሳተሙት ጥናት ከሴንት ክሌር ሐይቅ የሚወጡ ጀልባዎችን መርምረው ነበር። እጭ ጀልባዎቹ በያዙት ውኃ ሁሉ ተገኘ፤ ከሁሉ የበዛው ዓሣ በሕይወት በሚቆይበት ገንዳ ውስጥ ነበር። ያም ቢሆን አዲስ ሐይቅ ውስጥ ሲደፋ ይቀጥናል። የከፋው ሌላ ነው፦ ከሚወጡት ጀልባዎች 5.3 በመቶ የሚሆኑት በተሳቢያቸው ላይ በተጠላለፈ የውኃ አረም ሙሰል ይዘው ነበር። እንስሳው ከግንዱ ላይ በክሩ ተጣብቋል፤ ወንዴና ሴቴ ጎን ለጎን ናቸው፤ አረሙ ሲጣል ሁሉም አንድ ቦታ ያርፋሉ። ተመራማሪዎቹ በሕይወት ያለ ሙሰል በዚህ መንገድ ወደ ሌላ ሐይቅ የሚያደርሱት ጀልባዎች ቢበዛ 0.12 በመቶ ናቸው ብለው አሰሉ። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ጀልባው ብዙ ስለሆነ፣ ከዋናው የጀልባ ማውረጃ ብቻ በአንድ በጋ 170 ጊዜ መሆኑ ነው።

ከአረሙም የባሰ አለ። ጀልባን ከውኃ ከፍ አድርጎ የሚይዘው የብረት ማንሻ በጋውን በሙሉ ውኃ ውስጥ ቆሞ ሙሰል ይለብሳል። ባለቤቱ ሲሸጠው፣ ገዢው ወስዶ ሌላ ሐይቅ ውስጥ ሲያቆመው፣ አንድ መንደር እንዳለ ተነሥቶ እንደ ሰፈረ ነው።

የሚኒሶታ ደንብ ሲነበብ ከዚህ አሠራር ጋር ይገጥማል። አረሙን ልቀም፤ ውኃውን አፍስስ፤ በመንገድ ላይ የጀልባው ውታፍ ተነቅሎ ይሁን፤ ማንሻና የጀልባ መቆሚያ ወደ ሌላ ሐይቅ ከመግባቱ በፊት 21 ቀን ከውኃ ውጭ ይቆይ ይላል። 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በደረሰ ውኃ ለ10 ሰከንድ ማጠብ ወይም ለ5 ቀን ማድረቅም ይመከራል። በደንቡ የሚቆጡት ሰዎች ክርክር «አንዳንድ ጀልባ ማምለጡ ካልቀረ ምን ዋጋ አለው?» የሚል ነው። ዋጋው እዚህ ላይ ነው፦ ሙሰል ብዙ ሆኖ ካልገባ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይጸና፣ ግማሹን የቀነሰ ደንብ ከግማሽ በላይ ሊያተርፍ ይችላል።

«ሊያተርፍ ይችላል» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም። ስንት ሙሰል ሲገባ ሐይቅ እንደሚያዝ የተቆረጠ ቁጥር የለም፤ እንደ ሐይቁ ስፋት፣ እንደ ነፋሱ፣ እንደ ካልሲየሙ መጠን ይለያያል። የፍተሻን ውጤት መለካትም ያከራክራል። በምዕራብ አሜሪካ ያለው ታሆ ሐይቅ ከ2008 ጀምሮ የግዴታ ፍተሻ አለው፤ ዜብራ ሙሰል አልያዘውም፤ ግን ያለ ፍተሻ ምን ይሆን እንደ ነበር የሚያሳይ ሌላ ታሆ የለም። በ2023 ደግሞ ከኒውዚላንድ የመጣ ጥቃቅን ቀንድ አውጣ እዚያው ተገኝቷል። ወንጀሉ ሁሉ የጀልበኛው ነው ማለትም አይገባም። በ2021 በአሜሪካ የቤት እንስሳ መሸጫዎች፣ ለዓሣ ገንዳ ማስዋቢያ በሚሸጡ የአልጌ ኳሶች ውስጥ ሙሰል ተገኝቶ ነበር።

ከሁሉ በላይ ደግሞ «የኖኅ ስሕተት» ለሁሉም ወራሪ አይሠራም። በጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 የታየው እምቦጭ ወንዴና ሴቴ መፈላለግ አያስፈልገውም፤ አንዱ ተክል ቅርንጫፍ እያወጣ ራሱን ያበዛል። ለእንዲህ ያለው አረም አንዲት ቁራጭ በቂ ናት፤ ፍተሻውም አንዲት ቁራጭ ማሳለፍ የለበትም።

ሚኒሶታ በ2012 ጀልባ ጎታች ሁሉ አጭር ትምህርት ወስዶ ተሳቢው ላይ ምልክት እንዲለጥፍ ሕግ አውጥታ ነበር፤ በ2015 ሻረችው። መሻሩ ስሕተት ነበር። ሰው አረሙን ለምን እንደሚለቅም፣ የብረት ማንሻውንም ለምን 21 ቀን እንደሚያደርቅ ካላወቀ የሚያየው ቅጣቱን ብቻ ነው። የሚጠበቅም ገና ብዙ አለ፦ ከግዛቲቱ 11,842 ሐይቆች ከአሥሩ ዘጠኙ እስከ ዛሬ በወራሪ ዝርያ ተይዘዋል ተብለው ከተመዘገቡት ውስጥ የሉም።