ጊሎ ሳይሞላ የጋራውን የደብዳቤ ሣጥን እንጠግን

የገበሬ ማኅበር መሪዎች ክረምት ከመግባቱ በፊት የሚያስፈጽሟቸው ተግባራት ብዙ ናቸው። ዘር ይዘጋጃል፤ የእርሻ መሣሪያ ይጠገናል፤ ጎተራ ይከደናል፤ የውሃ መውረጃ ቦይ ይጠረጋል። ከእነዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ የጋራ ንብረት አለ። ይኸውም የነዋሪው ደብዳቤ ተጠራቅሞ የሚቆይበት ሣጥን ነው።

እንደሚታወቀው በአገራችን የፖስታ አገልግሎት የተቋቋመው በ1886 ዓ.ም. ሲሆን፣ ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ዓ.ም. ነው። አሠራሩ በአመዛኙ የተመሠረተው በፖስታ ሣጥን ቁጥር ላይ እንጂ ደብዳቤን በየቤቱ እያዞሩ በማደል ላይ አይደለም። ስለሆነም የራሱ ሣጥን የሌለው የገጠር ነዋሪ ደብዳቤውን የሚያገኘው በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ወይም በማኅበሩ በኩል ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቢያንስ 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበራት እንዲቋቋሙ ካደረገ ወዲህ፣ የማኅበሩ ስም ለብዙ ገበሬ አድራሻ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬም ቢሆን ከከተማ የመጣ ደብዳቤ በመጨረሻ የሚያርፈው በቀበሌው ሣጥን፣ ሣጥን በሌለበትም በጽሕፈት ቤቱ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ክረምትና መንገድ በፑኝዶ

በጎግ ወረዳ የምትገኘው ፑኝዶ ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ 110 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በዚህ ቆላ ዝናቡ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይበረታል። ጊሎ ወንዝ ይሞላል፤ ሜዳው ውሃ ይቋጥራል፤ ጭቃው መኪና ይይዛል። በዚህ ጊዜ መልእክት ይዘገያል፤ አንዳንዴም ለሳምንታት ይቋረጣል።

የጋምቤላ ሕዝብ ኑሮውን በወንዝ ሙላት ማስላት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1894 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ከተቋቋመ በኋላ፣ ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ጋምቤላ የሚደርሱት ወንዙ በሚሞላባቸው የክረምት ወራት ብቻ ነበር። ነጋዴውም ቡናውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ወራቱን አውቆ አስቀድሞ መዘጋጀት ለደብዳቤም ያው ነው።

የደብዳቤ ጉዳይ ቀላል አይደለም

ዛሬ ስልክ አለ፤ ወሬም በስልክ ይደርሳል። ነገር ግን የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የይዞታ ማረጋገጫና የብድር ውል በወረቀት የሚመጡ ናቸው። ይግባኝ የሚቆጠር ቀን አለው። መጥሪያው በሣጥኑ ውስጥ ርሶ ቀለሙ የተዘረገፈበት ገበሬ፣ ያልሰማውን ክስ ሊረታበት ይችላል።

በፑኝዶ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነገር አለ። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከሱዳን ጦርነት የሸሹ በሺህ የሚቆጠሩ ሕፃናት ያለወላጅ በዚህች ስፍራ ተጠልለው ነበር። በ1983 ዓ.ም. እንደገና ለመሰደድ ተገደው ጊሎን ሲሻገሩ ብዙዎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። በ1985 ዓ.ም. የስደተኞች ሠፈር በድጋሚ ተቋቁሞ ከድንበር ማዶ ለመጡ ብዙ ቤተሰቦች መጠለያ ሆኗል። የተለያዩ ቤተሰቦችን ለማገናኘት የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በጋምቤላ የስደተኞች ሠፈሮች የቀይ መስቀል መልእክት ሲያደርሱ ቆይተዋል። መልእክቱ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት፣ ሳይታሸግ የሚላክ አጭር ወረቀት ነው። እናት የልጇን በሕይወት መኖር የምታውቀው በዚያች ወረቀት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ወረቀት በስሕተት ወደ ማኅበሩ ሣጥን ቢገባ፣ ሳይውል ሳያድር ለቀይ መስቀል ሠራተኞች ማስረከብ ያስፈልጋል።

ሣጥኑን ማደስ

ሥራው የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከፍተኛ ወጪም አይጠይቅም።

በመጀመሪያ ሣጥኑ የቆመበት ስፍራ ይመርመር። ባለፈው ክረምት ውሃው የደረሰበትን ምልክት ሽማግሌዎች ያውቁታል። ሣጥኑ ከዚያ ምልክት ቢያንስ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ከዛፍ ሥር ማድረግ አይመከርም፤ ዝናቡ ካባራ በኋላም ቅጠሉ ያንጠባጥባልና። ከጽሕፈት ቤቱ ክፈፍ ሥር፣ ዝናቡ ከሚመታበት አቅጣጫ በተቃራኒው ግድግዳ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛው ምስጥ ነው። በእንጨት ቋሚ ላይ የተሠራ ሣጥን ከሆነ፣ ከመሬት የሚገናኘው የእንጨቱ ክፍል በእሳት ተለብልቦ ወይም የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀብቶ ይተከል። ምስጥ ከአፈር ወደ ሣጥኑ የጭቃ መንገድ መሥራቱ በየሳምንቱ ይታይ፤ ሲገኝም ወዲያውኑ ይፍረስ። ዘይቱ ሣጥኑ ውስጥ እንዳይገባ መጠንቀቅ ያሻል፤ ወረቀት ያበላሻልና።

ሦስተኛው ክዳኑና ቀዳዳው ነው። ክዳኑ ወደ ፊት ዘመም ብሎ ውሃውን እንዲያፈስ ይደረግ። በደብዳቤ መክተቻው ላይ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በምስማር ቢመታ ዝናብም ተርብም አይገባም። በሣጥኑ ወለል ጥግ ላይ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበሱ፤ የገባው ውሃ ይወጣባቸዋል። ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ ቢደረግ ደብዳቤው ከርጥበት ይርቃል። የዛገው ቆርቆሮ ተፍቆ ቀለም ይቀባ፤ ጓጉንቸሩም ዘይት ይጠጣ።

ቁልፍና መዝገብ

ደኅና ሣጥን ያለ ደኅና ኃላፊ ዋጋ የለውም። ቁልፉ ሁለት ይሁን፤ አንዱ በጸሐፊው፣ ሌላው በሊቀ መንበሩ እጅ ይቀመጥ። ጸሐፊው በእርሻ ወይም በሕመም ሲቀር ሣጥኑ ተቆልፎ መክረም የለበትም።

እያንዳንዱ ደብዳቤ በመዝገብ ላይ ይሥፈር። የደረሰበት ቀን፣ የባለቤቱ ስም ከነአባቱና ከነአያቱ፣ መንደሩ፣ የተረከበው ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ይጻፍ። የአያት ስምና መንደር ካልተጠቀሰ ሞክሼዎች ይምታታሉ፤ የአንዱ ደብዳቤ ለሌላው ይሰጣል። ማንበብ ለማይችሉ በአኙዋክኛ፣ በኑዌርኛና በአማርኛ የሚያነብላቸው፣ ምሥጢር ጠባቂ የሆነ ሰው ይመረጥ። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ደብዳቤ መክፈት በማንም ዘንድ ተቀባይነት የለውም።

ከመንገዱ መዘጋት በፊት ደግሞ አንድ ሰው ወደ ጋምቤላ ተልኮ የተጠራቀመውን ደብዳቤ ያምጣ፤ የሚላከውንም ያድርስ። በክረምቱ መካከል መንገደኛ ሲገኝ ደብዳቤው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ ይላክ። የማኅበሩ አባላት በስብሰባ ላይ ያልተወሰዱ ደብዳቤዎች ስም ዝርዝር ሲነበብ ይስሙ። ባለቤቱ የማይገኝ ደብዳቤም ምክንያቱ ተጽፎበት ወደ ፖስታ ቤት ይመለስ እንጂ በሣጥኑ ውስጥ አይበስብስ።

እነዚህ ሥራዎች በመጋቢትና በሚያዝያ ቢከናወኑ ምቹ ነው፤ በእነዚህ ወራት መሬቱ ደረቅ ነው፤ ቀለምም ቶሎ ይደርቃል። ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ ሣጥኑን የሚጠግኑ ሁለት ሰዎችና መዝገቡን የሚይዝ አንድ ጸሐፊ በስም ተመድበው፣ የሚያጠናቅቁበት ቀን ከግንቦት በፊት ይወሰን።